ገበናን መሸፈን ለማን ነው?

በኢትዮጵያ ሰው ዘንድ ገበናን መሸፈን ከታላላቆቹ የምግባር ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። የጎረቤቱን ችግር አይቶ ዝም ያለ፥ የወንድሙን ስካር ያልተናገረ፥ በባልና በሚስት መካከል የሰማውን ጠብ ወደ ገበያ ያላወጣ ሰው ጨዋ ይባላል፤ ምስጢር ያለውም ሁሉ ወደ እርሱ ቤት ይመጣል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት የተነገረው ስለዚህ ነው፤ እህል በጐተራ ሲቀመጥ ነቀዝ ይበላዋል፥ ያልተናገሩት ነገር ግን ምንም ቢቈይ አይበላሽም ለማለት ነው። ልማዱ መልካም ልማድ ነው። ሐሜት ያፈረሰውን ቤት ያየ ሰው ሊነቅፈው አይችልም።

ካህናትም ለዚህ ልማድ ከመጽሐፍ ምስክር ያመጡለታል። ኖኅ ከተከለው ወይን ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን አባታቸውን ላለማየት ወደ ኋላ እየተራመዱ ገብተው ልብስ ጣሉበት። ለሁለቱ ምርቃት ሆነ፥ እርግማኑም በካም ልጅ ላይ ወረደ። እንግዲህ በአንድ ደብር ውስጥ አንድ አገልጋይ በሕፃን ላይ ነውር ሠራ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፥ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ታሪክ ማንሣቱ አይቀርም። የአባትን ዕርቃን መግለጥ የካም ሥራ ነው ይላል፤ ጉባኤውም ያቀረቅራል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ታሪኩን አስተውሎ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ያገኛል። በኖኅ ድንኳን ውስጥ ከኖኅ በቀር የተጎዳ ሰው አልነበረም። ጠጣ፥ ሰከረ፥ ተኛ፤ ያዋረደውም ራሱን ብቻ ነው። በዚያ ድንኳን ጥግ አንድ ሕፃን ቆስሎ የሚያለቅስ ቢሆን ኖሮ፥ ሴምና ያፌትም ያንኑ ልብስ ዘርግተው በአባታቸውም በሕፃኑም ላይ ጥለው ቢወጡ፥ ያን ጊዜም ምርቃት ይገባቸው ነበርን?

ገበና ባለቤት አለው። ሰው የራሱን ውርደት ሊሸፍን ይችላል፥ ወዳጁም ሊሸፍንለት ይችላል፤ የተበደለ ሰው ያለበት ነገር ግን የበዳዩ ገበና ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የተበደለው ሰው ነገር ሆኗል፥ ከሁሉም ይልቅ ባለቤቱ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሰው፥ ጳጳስም ቢሆን የደብር አለቃም ቢሆን፥ ሸፈንሁ ብሎ ሊመሰገን አይችልም። የሌላውን ሰው ገንዘብ መጽውቶ ጻድቅ ልባል እንደሚል ሰው ይሆናልና።

በንጉሥ ዳዊት ቤት የሆነውን መመልከት ለዚህ ነገር ይጠቅማል። አምኖን ታመምሁ ብሎ ተኝቶ የአባቱን ልጅ ትዕማርን ምግብ ታዘጋጅልኝ ብሎ አስመጣት፥ በግድም አዋረዳት። ትዕማር ዝም አላለችም። አመድ በራስዋ ላይ ነሰነሰች፥ የለበሰችውን የንጉሥ ልጆች ቀሚስ ቀደደች፥ እየጮኸችም ሄደች። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውለው ያልፋል፤ የተበደለ ሰው አፍሮ ነው ዝም የሚለው እየተባለ ይነገራልና። ዝም ያሰኛት ወንድምዋ አቤሴሎም ነው፤ ወንድምሽ ነውና ነገሩን በልብሽ አታኑሪው አላት። ዳዊትም በሰማ ጊዜ ተቈጣ፤ ነገር ግን አምኖን በኵሩ ነበርና ወደደው፥ ምንም አላደረገበትም። የንጉሡ ቤት ገበና እንዲህ ተሸፈነ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አቤሴሎም አምኖንን በበግ ሸለታ ግብዣ ላይ አስገደለው፥ ሸሸ፥ ተመልሶም በአባቱ ላይ ተነሣ፤ ዳዊትም በባዶ እግሩ እያለቀሰ ከኢየሩሳሌም ወጣ። በዚያ ቤት ዝምታው ነቅዟል። ስለ ትዕማር ግን መጽሐፉ ከዚህ በኋላ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በአቤሴሎም ቤት ብቻዋን ሆና ተቀመጠች ይላል፥ ዝም በዪ ባላት ሰው ቤት ማለት ነው።

ይህ በቤተ ሰብ መካከል የሆነ ነው። በመቅደስ አጠገብ የሆነው ደግሞ የካህኑ የዔሊ ነገር ነው። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ በድንኳኑ ደጅ የሚያገለግሉትን ሴቶች ያስነውሩ ነበር፤ ሕዝቡም ሁሉ ለዔሊ ነገረው። ዔሊ ልጆቹን መከራቸው፥ ገሠጻቸውም፤ ከክህነታቸው ግን አላራቃቸውም። ፍርድ በቤቱ ላይ የመጣው እርሱ ራሱ ነውር ሠርቶ አይደለም፤ እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው። ብዙ አለቆች መክሬዋለሁ ካሉ የድርሻቸውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል፤ ዔሊም መክሮ ነበር።

በዚህ ዘመን ከሆነው አንዱን ማንሣት ይገባል፥ ፍጻሜው በአፍሪቃ ምድር ነውና። ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ጆን ስማይዝ የተባለ እንግሊዛዊ ጠበቃ ታላላቅ የትምህርት ቤት ልጆች በዕረፍት ወራት ተሰብስበው ሃይማኖት የሚማሩበትን ካምፕ ከሚመሩት አንዱ ነበር። ክህነት አልነበረውም፤ ነገር ግን በቃሉ የሚታመን፥ በጸሎቱ የሚከበር ሰው ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወጣቶቹን በቤቱ ጓሮ ወዳለች ጎጆ እያስገባ፥ ይህ የኃጢአታችሁ መቅጫ ነው እያለ፥ ደም እስኪፈስሳቸው ድረስ በበትር ይገርፋቸው ነበር። በ1982 አንድ ቄስ ነገሩን መርምሮ እውነት መሆኑን ጻፈ። ጽሑፉ በጥቂት ሰዎች እጅ ተይዞ ቀረ፤ ለፖሊስ አልተነገረም። ካወቁት ካህናት አንዱ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲጠየቅ፥ ነገሩ ቢገለጥ የእግዚአብሔር ሥራ እጅግ የሚጎዳ መስሎኝ ነበር ብሎ መለሰ።

ስማይዝ በ1984 ወደ ዚምባብዌ ሄደ። በዚያም ለወንዶች ልጆች ሌላ ካምፕ አቋቋመ፥ በዚያም ይገርፍ ነበር። በ1992 መጨረሻ አንድ የ16 ዓመት ልጅ በካምፑ መዋኛ ውሃ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ክስ ተጀምሮ ነበር፥ ፍርድ ሳይሰጥ ቀረ። ሰውዬው ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተሻግሮ በ2018 በኬፕ ታውን ሞተ፤ አንድ ቀን እንኳ በእንግሊዝ ዳኛ ፊት አልቆመም። በኅዳር 2024 ኪት ሜኪን ያቀረበው የምርመራ ጽሑፍ የተጎዱት ከአንድ መቶ እንደሚበልጡ ገመተ፤ የሚበልጡትም በአፍሪቃ የነበሩት ናቸው። በ2013 ነገሩ ተነግሮት ሳለ የሚገባውን ያህል አልተከታተለም የተባለው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢም በዚያው ወር ከሥልጣኑ እንደሚወርድ አስታወቀ።

የእግዚአብሔር ሥራ እንዳይጎዳ የተባለው ቃል ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ይህን ያለው ሰው ክፉ ሰው ነበር ለማለት አይቻልም፤ ምናልባት ስለ ካምፑ ሌሊት የሚጸልይ ሰው ነበር። ስሕተቱ የእግዚአብሔር ሥራ የሚለውን በካምፑ ስም መተርጐሙ ነው። በጎጆዋ ውስጥ የሚገረፈው ልጅ ግን የእግዚአብሔር ሥራ አልነበረምን? የአንድ ማኅበር ስም ተጠብቆ የማኅበሩ ልጆች ከጠፉ፥ የተጠበቀው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። በአየርላንድም በ2009 ስለ ዱብሊን ሀገረ ስብከት የተደረገው ምርመራ ያገኘው ይኸው ነው፤ አለቆቹ ከሕፃናቱ አስቀድመው ምስጢርን፥ የቤተ ክርስቲያንን ስምና ገንዘብን ይጠብቁ እንደ ነበር ጽፏል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የኢትዮጵያን ካህን ይበልጥ ሊያስደነግጠው የሚገባ መንገዱ ነው፤ በአንድ አገር የተሸፈነው በሌላ አገር ወጣ። ይህ ለማድረግ መርከብ ወይም አውሮፕላን አያስፈልግም፤ አንዲት የመሸኛ ወረቀት ትበቃለች። ነውር የሠራውን መምህር ከደብሩ በጸጥታ ሲያሰናብቱ፥ በመልካም ጠባይ ሲያገለግል ቈይቷል ብለው ጽፈው ማኅተም ይመቱለታል። የጻፉለት ርኅራኄ ያደረጉ ይመስላቸዋል። ወረቀቷ ግን ወደማያውቁት ደብር ደርሳ፥ ወደማያውቋቸው እናቶች ቤት ገብታ፥ ልጆቻችሁን ለዚህ ሰው ስጡት ብላ ትመሰክራለች። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አይጨምርም ብሎ ያስተማረ መምህር እስካሁን አልተሰማም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚቃወም ሰው አይጠፋም፥ ተቃውሞውም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በቄስ ላይ የሚቀርበው ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይሰማ አዟል። ሕፃን ግን ብቻውን ነው፤ እንዲህ ያለ በደል ምስክር ባለበት አይሠራም። እንዲህ ከሆነ ሕጉ ካህኑን ከሐሜት ለመጠበቅ የተሰጠ ሳለ፥ ለበደለኛ መሸሸጊያ ሆኖ ይቀራል። ተቃዋሚዎቹ የማያስተውሉት ግን ሐዋርያው ጨምሮ በደላቸው የታወቀውን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ማለቱን ነው፤ አትመርምር፥ አትጠይቅ፥ ለዳኛም አትንገር የሚል ቃልም በመልእክቱ ውስጥ አይገኝም።

ስለ ምስክር ቍጥርም የሶስና ታሪክ ይበቃል። በእርስዋ ላይ የመሰከሩት ሁለት ነበሩ፤ ቍጥሩ አልጐደለም። ሽማግሌዎችና ዳኞች ስለ ነበሩም ሸንጎው አመናቸው፥ ሞትም ፈረደባት። ሁለቱ ምስክሮች ግን ሊያዋርዱአት ፈልገው እንቢ ስላለቻቸው የተበቀሏት ራሳቸው በደለኞቹ ነበሩ። ዳንኤል ገና ብላቴና ሳለ ተነሥቶ ለየብቻቸው እንዲያቆሟቸው አደረገ፥ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአትም ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፥ ሁለተኛውም ሌላ። ሽበት ምስክርነት አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ደግሞም ንጹሕን ሰው ያዳነው ዝምታ ሳይሆን ምርመራ ነው። በሐሰት ስሙ የጠፋ ቄስ ቢኖር የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ ወሬውን ሸፍነንልሃል ብለው ቢተዉት፥ ወሬው ከእርሱ ጋራ ይኖራል፥ ከእርሱም ጋራ ይቀበራል፥ ንጹሕ መሆኑንም ማንም አያውቅለትም።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ይቅርታ ነው። ንስሐ ከገባ ለምን ይገፋል ይላሉ። ከደብሩ ንዋየ ቅድሳት ሰርቆ የተያዘ ቄሰ ገበዝ ቢለቅስና ንስሐ ቢገባ፥ ነፍስ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል፥ ፈጽሞም ከሥጋ ወደሙ ይደርሳል። የዕቃ ቤቱን ቍልፍ ግን መልሶ የሚሰጠው የለም፤ ይህ በመሆኑም ቤተ ክርስቲያን ምሕረት የላትም ብሎ የሚያማ የለም። ሕፃን ያዋረደው ሰው ግን አለቀሰ ተብሎ ሕፃናቱ ተመልሰው ይሰጡታል። የብር ጽዋ ከሕፃን ይልቅ እንዴት ከበረ?

የኑዛዜ ምስጢር ነገር ግን ከባድ ነው። ካህን በኑዛዜ የሰማውን አያወጣም፤ ይህ እንዲፈርስ የሚፈልግ አማኝ የለም። ነገር ግን በአንድ ደብር ከሚታወቀው ነውር አብዛኛው በኑዛዜ የተሰማ አይደለም። ዘበኛው ያየው ነው፥ እናት አልቅሳ የተናገረችው ነው፥ ልጁ ራሱ የተናገረው ነው፤ ከዚያ በኋላ የንስሐ ምስጢር የሚል ስም ይሰጡታል። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ፍራንሲስ በግንቦት 2019 ባወጡት ሕግ ካህናትና መነኮሳት የሰሙትን እንዲህ ያለ በደል ለቤተ ክርስቲያኑ ሹም እንዲያስታውቁ ሲያስገድዱ፥ በኑዛዜ የተሰማውን ለይተው ትተውታል፤ ልዩነቱን ማድረግ የሚቻል መሆኑ ከዚህ ይታያል። በኑዛዜ የሰማውም ካህን ቢሆን እጁ የታሰረ አይደለም፤ ቀኖና የሚሰጥ እርሱ ነውና፥ ከሕፃናቱ ተለይተህ ውጣ፥ አንተ ራስህ ወደ ዳኛ ሂድ ብሎ ማዘዝ ይችላል።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ማንን እንደሚነካ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የቆሎ ተማሪው አለ። ከአባቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ ይዞ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቍራሽ ይለምናል፤ ሌሊት በጎጆ ከጓደኞቹ ጋራ ያድራል። ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው። ሊቃውንቱ ሁሉ ያለፉበት መንገድ ነውና የሚነቀፍ አይደለም፤ ቅኔውና ዜማው እስከ ዛሬ የደረሰው በእነዚህ ልጆች እግር ነው። ነገር ግን ልጁ ያለ የኔታ ምንም ነው። የሚያስተምሩት እርሳቸው ናቸው፥ የሚያሳልፉት እርሳቸው ናቸው፥ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሲሄድም ስማቸውን ጠርቶ ነው የሚገባው። ከእርሳቸውም በታች በዕድሜ የጐለመሰው ተማሪ ታናሹን ያዝዘዋል፥ ያስቀጽለዋልም። ብዙዎቹ የኔታዎች አባት ናቸው፤ ካለቻቸው እንጀራ ቈርሰው ለተማሪ የሚሰጡ፥ በድኽነት የሚኖሩ ናቸው። ነገር ግን አንዱ አባት ባይሆን ልጁ የት ይሄዳል?

በጠበል ቦታ ደግሞ አእምሮአቸው የታመመ ሰዎች አሉ። ዘመዶቻቸው አምጥተው ይተዉአቸዋል፤ አንዳንዶቹም ታስረው ይቀመጣሉ። እነዚህ በዕድሜ አዋቂዎች ናቸው፥ ቃላቸው ግን እንደ ሕፃን ቃል እንኳ አይሰማም። ተመታሁ ቢል ርኵስ መንፈስ ነው የተናገረው ይባላል፤ ተዋረድሁ የምትል ሴት ብትኖር አብዳለች ይባላል። ማንም የማያምነው ሰው ለክፉ ሰው ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ነው። ዓይነ ስውሩም፥ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ የሚኖረው ጧሪ የሌለው ሽማግሌም ከዚሁ ወገን ናቸው።

አስቀድሞ ሥርዓት ቢሠራ ካህናቱን መጠርጠር ይሆናል የሚል ሰው ይኖራል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት በሦስተኛው ቀኖና ኤጲስ ቆጶስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን እናቱን፥ እኅቱን፥ አክስቱን ወይም ከጥርጣሬ የራቀችውን ሰው ካልሆነ በቀር ሌላ ሴት በቤቱ እንዳያኖር ከለከሉ። የዚያን ዘመን ካህናት ሁሉ አመንዝሮች ናቸው አላሉም፤ የተሰደበ ካህንም የለም። ሥርዓት ለሁሉ ሲሆን ማንንም አያማም፤ አንዱን ለይቶ በዓይን መከተል ነው ስድብ። እንዲሁ ታናሹ ተማሪ ከጎልማሳው ጋራ በአንድ ጎጆ እንዳያድር፥ አስተማሪ አንዱን ልጅ ለብቻው በዝግ ቤት እንዳያስተምር፥ የታሰረውን በሽተኛ የሚጠብቅ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ቢታዘዝ፥ ትእዛዙ ጻድቁን ይጠብቀዋል፥ ሌላውንም ያግደዋል።

የአገሩም ሕግ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች በአካል ከሚደርስ ቅጣትና ከጭካኔ እንዲጠበቁ ደንግጓል፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ሕፃኑን ያዋረደው አስተማሪው ወይም አሳዳሪው ሲሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። ነገር ግን ዳኛ የሚፈርደው ነገሩ ሲደርሰው ነው።

ልጁ ለማን ይናገራል? የአባቱ ቤት ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ነው። የኔታን ይፈራል፤ ታላቁ ተማሪ በአጠገቡ ነው፤ የደብሩ አለቃ ለእርሱ ከተራራ ይልቅ ሩቅ ናቸው። በየቀኑ የሚያውቀው ሰው ቢኖር በደጃፏ ቆሞ የሚለምናት ሴት ናት። ትናንት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማርያምን ስም ይጠራ የነበረው ልጅ ዛሬ ድምፁ መውረዱን፥ ከአንዱ ጎጆ ጓደኞቹ ጋራ መምጣት መተዉን፥ ወይም እያነከሰ መሄዱን ቀድማ የምታየው እርስዋ ናት፤ ምን ሆንህ ብላም ትጠይቀው ይሆናል። አለቃው የደብሩን ልጆች ነገር ለማወቅ ሲፈልጉ ከሽማግሌዎቹ ጉባኤ አስቀድመው ወደዚያች ሴት ደጅ ሰው ቢልኩ፥ የሚላከውም የየኔታ ዘመድ ባይሆን፥ የሚሰሙት ነገር ይኖራል።